ኮተን ላይ ክሪስታሉ ቀለሙን እየቀያየረ አስቸገረኝ

በ1991 የወጣውን የአርኬድ ጌም ኮተንን፣ ያቺን ለከረሜላ ስትል በመጥረጊያ የምትበር ትንሽ ጠንቋይ ማለቴ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ በኢሙሌተር (የድሮ ማሽን ጌሞችን በሚያስኬድ ፕሮግራም) እየተጫወትኩ ነው። ጌሙ ነፍስ ነው! ጆይስቲኬ የዩኤስቢ ነው፣ ተኩሱን አውቶ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ያለማቋረጥ በራሱ ይተኩሳል። ያስቸገረኝ ጠላት ስገድል የሚወጣው፣ ነክቼ የምሰበስበው ክሪስታል ነው። ሲመታ ቀለሙ ይቀየራል፣ እና ጥይቴን የሚያሳድገው ቀለም መጣ ብዬ ስጠጋ የራሴው ጥይት ቀድሞኝ ሌላ ያደርገዋል። አውቶውን አጥፍቼ በጣቴ ስተኩስ ደግሞ ጠላት ይከበኛል፣ ስሞት የሰበሰብኩት ጉልበት ይቀንሳል፣ ከዚያ ቦሱ (የደረጃው መጨረሻ ላይ ያለው ትልቅ ጠላት) ጋ በደካማ ጥይት መንፈራገጥ ነው። ከላይ ዞሬ ለመውሰድም ሞክሬ ነበር፣ አልደርስበትም። አውቶ ተኩሱን ሳላጠፋ የምፈልገው ቀለም ላይ ያለውን ክሪስታል ሳልመታው እንዴት ነው የምይዘው?