«ስንዴ ስንዴ ነው» ላልከው ሰው

የቢሾፍቱ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ አንዱ «ስንዴ ስንዴ ነው፤ ፓስታ ፋብሪካዎች ሰሞሊና እያሉ ዶላር ይጨርሳሉ» ብሎ ጻፈ። ስንቱ ላይክ አደረገለት! በጣም ነው የተናደድኩት። ሰሞሊና ዱረም ከሚባለው የስንዴ ዓይነት ነው የሚወጣው። ፍሬው ጠንካራ ነው፤ ሲፈጭ ሻካራና ቢጫ ይሆናል። ከዳቦ ስንዴ በሚወጣው በፉርኖ ዱቄት ብቻ የተሠራ መኮሮኒ ቀቅላችሁ አታውቁም? ውሃው ወፍሮ የሚጠጣ ሙቅ ይመስላል፣ መኮሮኒው እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ሳሪስ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁንም ስንዴ ስንዴ ነው። ሱቅ ስንሄድ ቀለም ሳይሆን ዋጋ ነው የምናየው።

ሮም ነዋሪ፦ ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1967 ደረቅ ፓስታ ከዱረም እንዲሠራ በሕግ ደነገገች። ስንዴ ስንዴ ቢሆን ሕግ ለምን አስፈለገ?

ሳሪስ፦ የጣሊያን ሕግ ለጣሊያን።

የጊኒር ልጅ፦ ዱረም እኮ የኛው እህል ነው! የሩሲያው የእህል ተመራማሪ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 መጥቶ የዝርያውን ብዛት አይቶ ሄዷል። ቂንጬ ስንሠራበት ኖረናል። ገበሬውን አትውቀሱ። ከዳቦ ስንዴ የተሻለ ዋጋ ካላገኘበት ለምን ይዘራል? ማዳበሪያ ሲያንስ ፕሮቲኑ ይወርዳል፣ ፍሬው ማንጸባረቁን ትቶ ነጭ ነጭ ይላል። ያኔ ፋብሪካው አልፈልግም ይላል።

ሳሪስ፦ ይኸው! ስለዚህ ከዳቦ ስንዴ ይሥሩ።

የቢሾፍቱ ልጅ፦ ቀላቅለው ይሥሩ፣ አልቃወምም። ግን ማሸጊያው ላይ በግልጽ ይጻፉት። ከፍዬ የምበላውን የማወቅ መብት አለኝ።

ዱባይ ነኝ፦ እዚህ በሰሞሊና ባስቡሳ የሚባል ጣፋጭ ኬክ እንጋግራለን። ለልጄም በወተት አገነፋለታለሁ። ከጤፍ ገንፎ ይሻላል፣ ቶሎ ነው የሚበላው።

ሲስተር፦ እህቴ፣ ቶሎ ስለበላው ይሻላል አይባልም። ሰሞሊና በ100 ግራም ውስጥ 12 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ እሱ ጥሩ ነው። ግን ገለባው ወጥቶለታል፤ በብረት ጤፍ ይበልጠዋል። ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን ለማይስማማው ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይሰጥም።

ዱባይ ነኝ፦ ጤፉን ይተፋዋል እኮ! ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ እየቀላቀልሽ አስለምጂው።

ሳሪስ፦ የጤፍን ዋጋ ሳታዩ ነው የምትመክሩት።

የጊኒር ልጅ፦ ሳሪስ፣ ወደ ጤፍ አትሽሽ። ስንዴ ስንዴ ከሆነ፣ ዱረም የዘራው ገበሬ በስንት ይሽጥልህ?

ሳሪስ፦ በገበያው ዋጋ።

የጊኒር ልጅ፦ በየትኛው ገበያ? ዱረም ነው ብሎ ለይቶ የሚገዛው ነጋዴ የታለ?