ቴሌፕሪንተሬ «አር ዋይ» ሲላክለት «ጂ ዋይ» ይጽፋል፤ ጥፋቱ የየትኛው ቫልቭ ነው?

ራዲዮ ጠጋኙ፣ ጎንደር

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ራዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። አምና ቅዳሜ ገበያ አንድ አሮጌ የሲመንስ ቴሌፕሪንተር፣ ከሽቦ ወይም ከራዲዮ የሚመጣን ጽሑፍ ወረቀት ላይ የሚመታ ማሽን፣ አገኘሁ። ሻጩ በኪሎ ለብረት ሊሸጠው ነበር። አላስቻለኝም፣ ገዛሁት። ስድስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ስለፋበት ቆየሁ።

የምቀበለው የጀርመን ሜትሮሎጂ በአጭር ሞገድ የሚያሰራጨውን የአየር ሁኔታ ነው። 10100.8 ኪሎኸርዝ፣ ፍጥነቱ 50 ቦድ (በሰከንድ 50 ምልክት)፣ ፊደሎቹ የሚላኩባቸው የሁለቱ ድምፆች ርቀት 450 ኸርዝ። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ጥርት ብሎ ይገባልኛል። አንቴናዬ ከቆርቆሮው ጣሪያ እስከ ጓሮው ባሕር ዛፍ የተወጠረ 20 ሜትር ሽቦ ነው።

መቀበያውን በቫልቭ (በድሮው የመስታወት የራዲዮ አምፖል) ነው የሠራሁት። የራዲዮው ድምፅ መጀመሪያ ኢሲሲ83 የሚባለው ቫልቭ ውስጥ ይገባል። እሱ ደካማውንም ጠንካራውንም እኩል አድርጎ ይቆርጠዋል። ቀጥሎ ሁለት ማጣሪያ አለ። ሁለቱም ባለ 88 ሚሊሄንሪ ጥቅል ናቸው፤ አንዱ በ0.064 ማይክሮፋራድ 2125 ኸርዝ ላይ፣ ሌላው በ0.043 ማይክሮፋራድ 2575 ኸርዝ ላይ ተቃኝቷል። ኢኤኤ91 አንዱን ድምፅ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ኔጋቲቭ ያደርገዋል። መጨረሻ ላይ ኢኤል84 ለማሽኑ ማግኔት 40 ሚሊአምፔር ይለቅለታል ወይም ይቆርጥበታል።

ችግሩ ይሄ ነው። በራሱ ኪቦርድ ስጽፍ አንድ ፊደል አይሳሳትም። ከአየር ላይ ሲሆን ግን ለሙከራ የሚላከው «አር ዋይ አር ዋይ» «ጂ ዋይ ጂ ዋይ» ሆኖ ይወጣል። ስልኬ ላይ ባለው ፕሮግራም ስሰማው ትክክል ነው። «ሲ ኪው» የሚለውን ማሽኑ «ቪ ኪው» ይለዋል፣ ክፍት ቦታ መተው ሲገባው «ኤች» ይመታል። መስመርም አይቀይርም። ጠርዝ ላይ ይደርስና እዚያው ይደራርባል፣ ወረቀቱ እስኪበሳ። ኢኤል84ን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ወጪው ሳይሆን ልፋቴ ነው የሚያንገበግበኝ።

የማራኪው

የድሮ የወረቀት ካፓሲተሮች ካሉህ አውጥተህ ጣላቸው። ሲሞቁ ያፈሳሉ፣ የቫልቩ መቆጣጠሪያ ግሪድ ላይ ፖዘቲቭ ቮልት ያመጣሉ። ከኢሲሲ83 ጀምር።

ራዲዮ ጠጋኙ፣ ጎንደር

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ሁሉንም ቀየርኩ። አሁንም ጂ ዋይ ነው።

ጡረተኛ የቴሌክስ ሠራተኛ

ልጄ፣ ቫልቮቹን ተዋቸው። የጻፍካቸውን ፊደሎች በወረቀት ላይ ዘርዝሬ አየኋቸው። እያንዳንዱ ፊደል አምስት ክፍል አለው፤ ከፊቱ አንድ መነሻ ክፍል፣ ከኋላው ማቆሚያ ይላካል። ከረንት ያለውን ክፍል «ምት»፣ የሌለውን «ባዶ» እንበል።

አር፦ ባዶ፣ ምት፣ ባዶ፣ ምት፣ ባዶ።
ጂ፦ ባዶ፣ ምት፣ ባዶ፣ ምት፣ ምት።

አራቱ አንድ ናቸው። የተሳሳተው አምስተኛው ብቻ ነው። ሲ እና ቪም እንደዚያው ናቸው፣ ክፍት ቦታና ኤችም እንደዚያው። ዋይና ኪው ያልተበላሹት አምስተኛቸው ድሮም ምት ስለሆነ ነው። መስመር መቀየሪያው «ኤል» ሆኖ፣ ወደ መጀመሪያው መመለሻው ደግሞ «ኦ» ሆኖ ይመታል። ጠርዝ ላይ የሚደራርበው ለዚህ ነው።

ቫልቭ ሲበላሽ እንዲህ እየመረጠ አይሳሳትም። ማሽንህ የተቃኘው ለ45.45 ቦድ ነው፤ የራዲዮ አማተሮች የሚጠቀሙበት ፍጥነት ነው። በ50 ቦድ አንዱ ክፍል 20 ሚሊሰከንድ ይቆያል፣ ያንተ ማሽን ግን 22 ነው ብሎ ይቆጥራል። አምስተኛውን ክፍል መሃሉ ላይ ለማንበብ ከመነሻው ጀምሮ 5.5 ጊዜ 22፣ ማለትም 121 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። የተላከው አምስተኛ ክፍል ግን በ120 አልቋል። ከዚያ በኋላ ያለው ማቆሚያው ነው፣ ማቆሚያ ደግሞ ሁልጊዜ ምት ነው።

በራሱ ኪቦርድ የማይሳሳተው ላኪውንም ተቀባዩንም የሚያዞረው ያው አንድ ሞተር ስለሆነ ነው። ሁለቱም እኩል ዘገምተኛ ናቸው። ይሄ እኔንም በወጣትነቴ ሁለት ቀን አስለፍቶኛል።

ሞተሩ ገቨርነር፣ ማለትም ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ አለው። ሶኬቱን ንቀል፤ ገቨርነሩ ላይ ያሉት መገናኛዎች ኤሌክትሪክ ያለባቸው ናቸው። ብሎኑን ወደ ፍጥነት አቅጣጫ በትንሽ በትንሹ አዙር፣ በየጊዜው ሰክተህ ሞክር። «አር» ትክክል ሲወጣ አታቁም። ፈጥኖ መሳሳት እስኪጀምር ቀጥልና ከሁለቱ ስህተቶች መሃል ላይ አስቀምጠው።

ራዲዮ ጠጋኙ፣ ጎንደር

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ትናንት ማታ መብራት ሁለቴ ሄደብኝ፣ ሻማ አብርቼ ብሎኑን ያዝኩ። 4 ሰዓት ከሩብ ላይ የመጀመሪያው «አር» ወጣ። ከዚያ ማሽኑ ጠርዝ ላይ ደረሰና ተመለሰ፣ ወረቀቱም አንድ መስመር ከፍ አለ። እናቴ ድምፁን ሰምታ ከመኝታዋ ተነስታ መጣች። አንድ ሙሉ የሰሜን ባሕር የነፋስ ትንበያ ቆመን አነበብን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። መብረቅ ሲኖር ማሽኑ ዝም ብሎ ይንኳኳል። ሲግናል ሲጠፋ ኢኤል84 ከረንቱን እንዳይቆርጥ የሚይዝልኝ ነገር ልጨምርበት እፈልጋለሁ። ከኢኤኤ91 በኋላ ላስገባው ወይስ ከማጣሪያዎቹ በፊት?

ጡረተኛ የቴሌክስ ሠራተኛ

ከማጣሪያዎቹ በኋላ። ሁለቱም ድምፆች ሲጠፉ ማወቅ ያለበት እሱ ነው። ሥዕሉን በእጄ ሠርቼ ነገ እለጥፍልሃለሁ።