«ተጣበቀ» ወይስ «ተጣባ»?

ጥያቄ፦ ስለ አንጀት ባክቴሪያዎች የተጻፈ ጽሑፍ እያረምኩ ነው። ጸሐፊው ጠቃሚውንም ጎጂውንም ሳይለይ «የአንጀትን ግድግዳ የተጣቡ ባክቴሪያዎች» ይላል። ጆሮዬ አልተቀበለውም። «የተጣበቁ» ይሻላል ወይስ «የተለጠፉ»?

መልስ፦ ጆሮዎ አልሳተም። «ተጣባ» ክፉ ቃል ነው፤ ዛር ይጣባል፣ በሽታ ይጣባል፣ ሙስና መሥሪያ ቤትን ይጣባል። በጎ ነገር ሰውን ተጣባ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። «ተለጠፈ» ደግሞ ሌላ ለጣፊ ያለ ያስመስላል፤ ባክቴሪያው ግን ራሱ ነው የሚይዘው። ለምሳሌ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ከአካሉ የሚወጡ ፀጉር መሰል ዘንጎች አሉት፤ ጫፋቸው ላይ ያለው ፊምኤች የተባለ ፕሮቲን በአንጀቱ ሴል ገጽ ላይ የሚገኘውን ማኖስ የተባለ ስኳር ይጨብጣል። ለዚህ «ተጣበቀ» ይበቃል።

«ተጣባ»ን ለተቅማጥ አምጪው የኢ. ኮላይ ዝርያ ያቆዩለት። እሱ በመርፌ መሰል መሣሪያ ቲር የተባለ ፕሮቲን ወደ ሴሉ ይወጋል። ቲር በሴሉ ሽፋን ላይ ብቅ ሲል ባክቴሪያው ኢንቲሚን በተባለ ሌላ ፕሮቲን ይይዘዋል። መንጠልጠያውን ራሱ ይዞ መጥቶ፣ በሰው ግድግዳ ላይ ሰክቶ፣ ራሱ ይንጠለጠልበታል! በዚያ ቦታ ምግብ የሚመጥጡት የሴሉ ጥቃቅን ጣቶች ይጠፋሉ። ይህ ካልተጣባ ምን ሊጣባ ነው?

ሌላ መልስ፦ በአይጥ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ የሚኖሩ ክር መሰል ባክቴሪያዎችስ? ጫፋቸውን ወደ ሴሉ ገፍተው ይቀብራሉ፤ ሽፋኑን ግን አይበሱም፣ ሴሉንም አይገድሉም። እንዲያውም በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ቲኤች17 የተባሉ የመከላከያ ሴሎች በአንጀት ውስጥ እንዲፈጠሩ እንደሚያደርጉ አሳይቷል። እነዚህን «ተጣበቁ» ማለት ያንሳል፣ «ተጣቡ» ማለት ስም ማጥፋት ነው። እኔ «ተተከሉ» እላለሁ። አልንቀሳቀስ ያለን ሰው «ምን ተተክለህ ትቀራለህ» እንል የለ?

መልስ፦ «ተተከሉ» ተስማምቶኛል። ነገር ግን ከግሱ በፊት ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ይታረም። አብዛኞቹ የአንጀት ባክቴሪያዎች ግድግዳውን አይነኩትም። በትልቁ አንጀት ሴሎቹን የሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽ ሁለት ንብርብር አለው፤ የውስጠኛው ከባክቴሪያ የጸዳ ነው ማለት ይቻላል፣ የሚኖሩት በላላው በውጭኛው ነው።

ጠያቂ፦ እንግዲያው ለጠቅላላው «በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ» ብዬ፣ «የተጣቡ»ን ወደ ተቅማጡ አንቀጽ አወርደዋለሁ። ጸሐፊው «ተተከሉ»ን ከተቃወመ ወደ እናንተ እልከዋለሁ።