ለቪዲዮ ካሜራዬ የቱን ዋይድ አዳፕተር (ሌንሱ ፊት ላይ የሚታሰር፣ እይታን የሚያሰፋ ተጨማሪ ሌንስ) ልግዛ?

ሰላም፣ እባካችሁ አንዴ ላስቸግራችሁ። ትንሿ የቪዲዮ ካሜራዬ ጠባብ ክፍል ውስጥ አልሆነችኝም፤ ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ እንኳ ከአምስት ሰው ሁለቱ ከፍሬም ውጭ ይቀራሉ። የሌንሷ ጥርስ (አዳፕተሩ የሚጠመዘዝበት) ስፋቱ 37 ሚሊሜትር ነው። 0.45 የሚል (ቁጥሩ ሲያንስ የበለጠ ያሰፋል) ርካሽ አዳፕተር ተውሼ ሞከርኩ፤ ማስፋቱንስ በደንብ ያሰፋል፣ ግን አራቱም ማዕዘን ጠቆረ፣ የበሩ መቃን እንደ ቀስት ጎበጠ፣ ዙም ሳደርግ ደግሞ ምስሉ ጭጋግ የለበሰ መሰለ። አሁን ያሰብኩት 0.7 ነው፤ ብዙ ባያሰፋም ይበቃኛል መሰለኝ። ዙም እስከ መጨረሻው ሲደረግ ፎከሱ የማይጠፋበት አለ? ባለ 37 ሚሊሜትር አዳፕተር ካጣሁስ ባለ 43 ገዝቼ በማገናኛ ቀለበት ባስረው ጠርዙ ይጠቁራል? ሻጮቹ እንደሆኑ ሁሉንም «አሪፍ ነው» ነው የሚሉት። እጃችሁ ላይ ያለ ካለ፣ ዙም አድርጋችሁ የቀረጻችሁትን ብታሳዩኝ ትገላግሉኛላችሁ።