የሲኤ 125 ውጤቴ 62 ሆነ፤ ካንሰር አለብኝ ማለት ነው?

ጥያቄ፦
ዕድሜዬ 38 ዓመት ነው። የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር ከእምብርቴ በታች ኃይለኛ ሕመም ስለሚሰማኝ ባለፈው ሳምንት አልትራሳውንድ ታየሁ፤ በግራ በኩል ባለው እንቁልጢዬ ላይ 4.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ወፍራም ፈሳሽ የቋጠረ ሲስት መኖሩ ተጻፈልኝ። በዚያው ዕለት ሲኤ 125 የሚባል የደም ምርመራ ታዘዘልኝና የወር አበባዬ በመጣ በሁለተኛው ቀን ደም ሰጠሁ። በውጤቱ ወረቀት ላይ 62 የሚል ቁጥር፣ ከጎኑ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት፣ ቀጥሎም «መደበኛ፦ ከ35 በታች» የሚል ጽሑፍ አለ። የሐኪም ቀጠሮዬ ገና አሥር ቀን ይቀረዋል፤ ምርመራው የካንሰር ጠቋሚ መሆኑን ካነበብኩ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

መልስ 1፣ ከላቦራቶሪ ባለሙያ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ ምንነት ላስረዳሽ። ሲኤ 125 ካንሰር ብቻ የሚያመነጨው ነገር ሳይሆን የሆድ ዕቃን፣ የሳንባንና የልብን ሽፋን እንዲሁም የማሕፀንን የውስጥ ግድግዳ በሸፈኑ ጤናማ ሕዋሳት ላይም የሚገኝ ፕሮቲን ነው፤ እነዚህ ሽፋኖች በማናቸውም ምክንያት ሲቆጡ ወይም ፈሳሽ ሲቋጥሩ ፕሮቲኑ ወደ ደም ይገባል። በዚህም የተነሣ የወር አበባ፣ እርግዝና፣ ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማሕፀን ዕጢ)፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማሕፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም)፣ የማሕፀን አካባቢ ኢንፌክሽን፣ የጉበት ሕመምና የልብ ድካም ሁሉ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ የሆድ ዕቃ ሽፋን ቲቢማ ከብዙ መቶ በላይ ሊያደርሰው ይችላል።

35 የተባለው ወሰን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣ ጥናት ነው፤ በዚያ ጥናት ከ888 ጤናማ ሰዎች መካከል ከዚህ ቁጥር ያለፉት ከመቶ አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ቀስቱ የሚናገረው ውጤትሽ ከዚያ መስመር ማለፉን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ደሙን በወር አበባሽ ሁለተኛ ቀን መስጠትሽን ለሐኪምሽ ሳትነግሪ እንዳትቀሪ፤ የጠየቀሽ ሰው ባይኖርም ይህ ከቁጥሩ ባልተናነሰ አስፈላጊ መረጃ ነው።

መልስ 2፣ ከማሕፀንና ጽንስ ሐኪም፦
ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው። ሐኪሞች ይህን ቁጥር ለብቻው አናነብም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ አንድ ስሌት አለ፤ የሲኤ 125 ቁጥር ያላረጠች ሴት ከሆነች በ1፣ ያረጠች ከሆነች በ3 ይባዛል። ቀጥሎም ሲስቱ ብዙ ክፍል እንዳለው፣ ጠጣር ነገር እንደያዘ፣ በሁለቱም ጎን እንደሆነ፣ ሆድ ውስጥ ውሃ እንደተጠራቀመ ወይም የተሠራጨ ነገር እንደታየ ተመልክተን ከእነዚህ አንዱ ቢገኝ በ1፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ቢገኙ በ3 እናባዛዋለን፤ አንዱም ካልተገኘ ማባዣው ዜሮ ነው። በእርስዎ ዕድሜ አንድ ምልክት ቢገኝ እንኳ ስሌቱ 62 ይሆናል፤ ያረጠች ሴት በዚያው 62 ሁለት ምልክቶች ቢታዩባት ግን 558 ይደርሳል። ብዙ ሐኪሞች ከ200 በላይ ሲሆን በሽተኛዋን ወደ ካንሰር ሐኪም እንልካታለን። ያንኑ 62 የሚለያየው ዕድሜና ምስል መሆኑን ያስተውሉ።

የጻፉት ወፍራም ፈሳሽና ከወር አበባ ጋር የሚመጣ ሕመም ኢንዶሜትሪዮሲስን ያሳስበኛል፤ ሆኖም ምስሉን ያላየሁ ስለሆነ ይህን እንደ ምርመራ ውጤት አይውሰዱት። ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ወዲያውኑ መታየት የሚኖርብዎ በድንገት ከባድ የሆድ ሕመም ከማስመለስ ጋር ከጀመረዎት ነው፤ ሲስት ያለበት እንቁልጢ ሊጠመዘዝ ይችላልና።

መልስ 3፦
ቁጥሩ ዝቅ ማለቱም ብቻውን አያስተማምንም። የአክስቴ ሲኤ 125 18 ነበር፤ ሆዷ እየተነፋ፣ ጥቂት ስትቀምስ እየጠገበች ብትቸገርም «ደምሽ ደህና ነው» ተብላ ወራት አለፉ። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ባለ የእንቁልጢ ካንሰር ከበሽተኞቹ ግማሽ ያህሉ ቁጥራቸው ከፍ እንደማይል የተረዳነው ዘግይተን ነው። ምልክት ካለ ምስሉም ይታይ።

መልስ 4፣ በክትትል ላይ ካለች ታካሚ፦
እኔ የእንቁልጢ ካንሰር ታክሜ ክትትል ላይ ነኝ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት 840 ነበር፤ ኬሞቴራፒ ስጨርስ 14 ሆነ። ለእኛ ለታከምነው ምርመራው ትልቅ ጥቅም አለው፤ የምናየው ግን አንዱን ቁጥር ሳይሆን አካሄዱን ነው። አንድ ጊዜ ሌላ ላቦራቶሪ ሄጄ 24 ሲሆንብኝ ያለቀስኩትን አልረሳውም። ሐኪሜ በቀድሞው ላቦራቶሪ አስደገመኝ፤ 15 ሆነ። የመሣሪያው ዓይነት ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል። እህቴ፣ ከደገምሽ በዚያው ቦታ ድገሚው።

ከጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የወር አበባዬ የመጣበትን ቀን በውጤቱ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፌያለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ምርመራውን መቼ ብደግመው ይሻላል? በቤተሰባችን ይህ በሽታ ያለበት ሰው አላውቅም።

መልስ 2፣ በድጋሚ፦
የወር አበባዎ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ ሐኪምዎ እንዲደገም ከወሰነ አልትራሳውንዱም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አብሮ ይደገማል። የቤተሰቡን ጉዳይ ግን የጡት ካንሰርንም ጨምረው በእናትዎም በአባትዎም ወገን ይጠይቁ፤ ሁለቱን በሽታዎች የሚያስከትለው የዘር ለውጥ ከአባትም ይወረሳል።