የትምህርት ቤት ኩሬ ልንቆፍር ነው፤ ከምን እንጀምር?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። ሸዋሮቢት አካባቢ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ነኝ። የጣሪያ ውሃ የሚያጠራቅም ኩሬ ግቢው ውስጥ ቆፍረን የጓሮ አትክልት ልናጠጣበት፣ ለትምህርትም ልንጠቀምበት አስበናል። ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ተስማምቷል፣ ወላጆችም በጉልበት ያግዙናል። ቆርቆሮው 30 በ8 ሜትር ነው። ምን ያህል እንቆፍር? ፕላስቲኩስ ስንት ሜትር ይበቃል? ወባውም ያሳስበኛል።

የመስኖ ባለሙያ፦ ሰላም መምህር። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። የእናንተ 240 ካሬ ስለሆነ 20 ሚሊ ሜትር በዘነበ ቀን 4,800 ሊትር ይወርዳል፤ የሚባክነውን ቀንሳችሁ 4,000 ያህል ያዙ። አፉን 8 በ6፣ ወለሉን 6 በ4፣ ጥልቀቱን 1 ሜትር ብታደርጉት 35,000 ሊትር ግድም ይይዛል። ጠርዙ ላይ የሚቀበረውን ጨምሮ 10 በ8 ጂኦሜምብሬን (የኩሬ ፕላስቲክ) ይበቃል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ያለ ፕላስቲክ አትሞክሩት፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከመንጠፋችሁ በፊት ግድግዳውን በእጅ እየዳሰሳችሁ ጠጠርና ሥር ልቀሙ፣ ከዚያ በጭድ ጭቃ ምረጉት፤ አንድ ሹል ጠጠር ከቀረ ውሃው ሲጫነው ፕላስቲኩን ይበሳዋል። ከአሸንዳው መውረጃ ሥር የደለል ማጥመጃ፣ በሌላው ጫፍ የትርፍ ውሃ መውጫ ይኑር። ትነቱንም አስቡ። በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን ከዚያ አፍ 240 ሊትር ሄደ ማለት ነው፣ ስለዚህ ጎመኑን መስከረም ላይ ተክላችሁ እስከ ጥር ጨርሱ።

መምህርት ከደጀን፦ እኔ ከሁሉም በፊት የማነሳው አጥሩን ነው። እባካችሁ። እርጥብ ጂኦሜምብሬን እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል፣ ዋና የሚችል ጎረምሳ እንኳ መውጣት ያቅተዋል። 1 ሜትር ውሃ ደግሞ ለአንደኛ ክፍል ልጅ አንገቱ ድረስ ነው። የሚሞላውም ክረምት ላይ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከጥበቃው በቀር ሰው በሌለበት። ከልጅ ቁመት በላይ የሆነ አጥር፣ የሚቆለፍ በር፣ በአራቱም ጎን ከውጭ ካስማ ላይ ታስሮ ውሃው ውስጥ የሚወርድ ቋጠሮ ያለው ገመድ ያስፈልጋል። ቅንጭብ ግን አትትከሉ፣ ወተቱ ዓይን ይጎዳል።

ሲስተር፦ ስለ ወባው፦ የትንኝ እጭ አድጎ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ፈትሹ። ነጭ ጭልፋ ይዛችሁ ከዳር ዳር ጨልፉ። እጩ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ከተጋደመ የወባ ትንኝ ነው፣ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ከተንጠለጠለ ሌላ ዓይነት ነው። ተማሪዎች ይህን በዓይናቸው ቢያዩት ከመጽሐፍ የበለጠ ይገባቸዋል። ዳሩ ላይ ሣር እንዳይበቅል አጽዱ። ቆሮሶ ዓሣ እጩን ይበላል፣ የእናንተ አገር ሙቀትም ይስማማዋል። ጫጩቱን ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቁ። ቀበሌያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ከመቆፈራችሁ በፊት አማክሯት።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በጀታችን ፕላስቲኩንና አጥሩን ባንዴ አይችልም። ዘንድሮ ኩሬውን፣ ለከርሞ አጥሩን ብናደርግስ?

መምህርት ከደጀን፦ አይሆንም መምህር፣ ገልብጡት። ዘንድሮ አጣና ገትራችሁ ሽቦውን ዘርጉ፣ አሸንዳውንም ግጠሙ። ቁፋሮው ይቆይ፣ ፕላስቲክ የሌለው ጉድጓድም ቢሆን ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል። ለከርሞ ፕላስቲኩ እጃችሁ ሲገባ ግንቦት ላይ ቆፍራችሁ ዝናቡ ሳይገባ አንጥፉት።