«ፀሐይ ነፃ ናት» ላላችሁን

የሎግያው፦ ትናንት እዚህ «አፋር ላይ ለየቤቱ አንድ የመስታወት ሳጥን ስጡ፣ ጨዋማውን ውሃ ፀሐይ ታጣራዋለች፤ ውሃው ይተናል፣ እንፋሎቱ መስታወቱ ላይ ንጹህ ውሃ ይሆናል፣ ጨው ከታች ይቀራል፤ ፀሐይ ነፃ ናት» ያልከው ወንድም፣ ሌሊቱን ሲያብሰለስለኝ አደረ። ፀሐይዋስ ነፃ ናት፣ መስታወቱስ? እኛ ሰፈር አንድ ድርጅት አራት ሳጥን ተክሎ ሄደ። ውሃው የሚሞላበት የሳጥኑ ጥቁር መደብ ላይ ጨው ጋገረ። መስታወቱን አቧራ አለበሰው። አንዱን ፍየል ወጥታበት ሰበረችው፣ እስካሁን የተካው የለም።

መሐንዲሱ፦ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ቺሊ፣ አታካማ በረሃ፣ ላስ ሳሊናስ የሚባል ቦታ ቻርልስ ዊልሰን በ1872 እ.ኤ.አ. ይሄንኑ ሠርቷል። ከ4,400 ካሬ ሜትር በላይ መስታወት፣ በቀን ከ20,000 ሊትር በላይ ውሃ። የማዕድን ሠራተኛውም በቅሎውም ጠጥቷል፣ ያውም ለ40 ዓመት ገደማ።

የሎግያው፦ በለው፣ አስላው እስቲ። ለአንድ ካሬ አምስት ሊትር ገደማ ነው። እኛ ቤት ስድስት ነን። አንዲት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ቢያንስ አራት ካሬ መስታወት ልተክል ነው። እሷም ለመጠጥና ለወጥ ብቻ። ፍየሎቹስ? ደግሞ የቺሊው ባለቤት ነበረው፣ የሚጠግን ነበረው።

የመቂ ልጅ፦ ፍየሉን ተዉትና ስሙኝ። የእኛ ችግር ጨው አይደለም፣ ፍሎራይድ ነው፤ ከጉድጓድ ውሃ ጋር የሚመጣ፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ንጥረ ነገር። ጥርሴ ቡናማ ነው፣ እናቴ ወገቧን ማቅናት አቅቷታል። አፍሉት ይሉናል፣ ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይብስበታል። ሳጥኑ ውስጥ ግን የሚወጣው እንፋሎቱ ብቻ ነው፣ ፍሎራይዱ ከታች ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ለልጄ በቀን ሁለት ሊትር ባገኝ ይበቃኛል።

መሐንዲሱ፦ ይኸው! ነፃ ያልኩት ይሄንን ነው።

እህት ከሰመራ፦ ነፃ፣ ነፃ አትበሉ በቃ! ከጉድጓዱ አህያ እየነዳች የምታመጣው፣ ሳጥኑን የምትሞላው፣ ጨውን የምትፍቀው፣ መስታወቱን የምትወለውለው ማናት? ነፃ ያላችሁት የእሷን ጉልበት ነው።

መሐንዲሱ፦ እህቴ፣ ቦቴው ሲበላሽስ ስንት ቀን ነው የምትጠብቁት?

የሎግያው፦ ሦስት ቀን ጠብቀናል። ለዚህ ነው ቧንቧ የምጠይቀው። ሳጥን ሰጥተናቸዋል ተብሎ ቧንቧው እንዲቀርብን አልፈልግም።

መሐንዲሱ፦ ቧንቧው ይቅር ያለ ማነው? እስኪመጣ ልጆቹ ምን ይጠጡ?

የሎግያው፦ «እስኪመጣ» እየተባልን ነው ያደግነው።

የመቂ ልጅ፦ የሎግያው፣ ያ የተሰበረው መስታወት ስንት ሚሊ ነበር? እኛ ጋ ቆራጭ አለ።